መጠጥ ሲጠጡ ሽንት ለምን ያመልጣል? መንስኤውን በልኬት ለይቶ የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ማታ ሁለት ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ቢመላለስ የተለመደ ነገር ነው። ሽንት ቤት ሳይደርስ ካመለጠው፣ ሲስቅ ወይም ሲያስነጥሰው ልብሱ ከረጠበ፣ ወይም ጠዋት አልጋው ርሶ ከነቃ ግን መንስኤው ሊፈለግ ይገባል። ብዙ ሰው በሐፍረት ይደብቀዋል፤ አንዳንዱም ውሃ መጠጣት ያቆማል። ውሃ ማቆም አይጠቅምም፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣዋል።

መጠጥ የሽንት ቁጥጥርን የሚያዛባው በሦስት ቦታ ነው፦ በኩላሊት፣ በፊኛ፣ እንዲሁም በአንጎልና በጡንቻ። የአንዱ መላ ለሌላው አይሠራም። ሽንቱ ስለበዛበት የሚቸገር ሰው የጡንቻ እንቅስቃሴ ቢሠራ ብዙም አይለወጥለትም፤ እንቅልፉ ስለከበደው አልጋ ላይ የሚሸና ሰው ደግሞ ቢራውን በአረቄ ቢተካ ይብስበታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መለካት ይቀድማል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ትለቃለች። በዚህ ሆርሞን ምክንያት ኩላሊት ካጣራው ውሃ አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳል። አልኮል ሆርሞኑን ይቀንሰዋል፤ መመለስ የነበረበት ውሃ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ይህ ከጠጡ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይጀምርና በደም ውስጥ ያለው አልኮል እየጨመረ ባለበት ጊዜ ይበረታል። በግምት 10 ግራም አልኮል 100 ሚሊ ሊትር ያህል ተጨማሪ ሽንት ያስወጣል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለ። ሦስት ጠርሙስ ሲጠጡ 1 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስገባሉ፤ አልኮሉ ደግሞ ከሰውነትዎ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምርበታል። የጤነኛ አዋቂ ፊኛ የሚይዘው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ ሦስት አራት ጊዜ መነሣት ምንም ችግር የሌለበት ሰው ላይም ይደርሳል።

ፊኛ ግድግዳው ጡንቻ ነው። ቀስ ብሎ ሲሞላ ይለጠጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ሲወርድበት ግን ሰውየው ተዘጋጅቶ ሳይጨርስ መኮማተር ሊጀምር ይችላል። ቀድሞውኑ ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚያጣድፈው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጋዝ ያለው መጠጥ፣ ኮካ የተቀላቀለበት ጂን፣ ከመጠጥ በፊት ወይም በኋላ የሚጠጣ ቡና በአንዳንዱ ሰው ላይ ጥድፊያውን ይጨምራሉ።

ሦስተኛው በአንጎልና በጡንቻ ላይ የሚደርሰው ነው። አልኮል «ፊኛው ሞልቷል» የሚለውን መልእክት ያደበዝዛል፤ የሽንት መውጫን ጨምቀው የሚይዙትንም ጡንቻዎች ያላላል። እንቅልፍ ላይ ሲሆን ደግሞ የሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ከወትሮው ይከብዳል። ፊኛው በፍጥነት የሚሞላውም በዚያው ሰዓት ነው። አልጋ ላይ መሽናት የሚደርሰው ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው።

የመጠጡ ዓይነት የትኛው ቦታ ይበልጥ እንደሚጎዳ ይወስናል። ጠላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ችግሩ ብዛቱ ነው። 3 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 12 ግራም ገደማ አልኮል ይይዛል፤ ሦስት አራቴ ሲቀዳ ፊኛውን የሚያጨናንቀው ፈሳሹ ነው። ጠጅ 10 በመቶ ከደረሰ ሩብ ሊትሩ ብቻ 20 ግራም ያህል አልኮል አለው፤ ጣፋጭነቱም ቶሎ ቶሎ ያስጠጣል። 45 በመቶ የሚደርስ ዳግም አረቄ 40 ሚሊ ሊትሩ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር የሚስተካከል አልኮል ይዟል፤ ፈሳሹ ግን ከቢራው አንድ ስምንተኛ ነው። አረቄ የጠጣ ሰው ሽንቱ የቢራ ጠጪን ያህል ባይበዛም እንቅልፉ ይከብዳል። የቤት መጠጥ ከቤት ቤት ስለሚለያይ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ግምት ይያዟቸው።

ደረጃ 1፦ ለአራት ቀን መለካት

ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ይቁረጡ። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙ። አምስት ጊዜ ውሃ ጨምረው በማርከር ያስምሩ፤ ይህ 100 ሚሊ ሊትር ነው። እስከ 700 ድረስ በዚሁ መንገድ ይቀጥሉ። ለሴቶች ሰፊ አፍ ያለው ጆግ ይመቻል፤ አሠማመሩ ያው ነው። የተቆረጠው ጫፍ ስለታም ስለሚሆን ዙሪያውን በፕላስተር ይሸፍኑት።

ሦስት ቀን ያለ መጠጥ፣ አንድ ቀን ደግሞ እንደ ልማድዎ የሚጠጡበትን ቀን ይመዝግቡ። (በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ለመመዝገብ ብለው አያቋርጡ፤ አራቱንም ቀን እንዳለ ይጻፉና በየቀኑ ስለሚጠጣ ሰው የተጻፈውን ከታች ያንብቡ።) ከእንቅልፍ እንደነቁ የሚሸኑት የመጀመሪያው ሽንት የትናንቱ ሌሊት ነው፤ ወደዚያ ይቁጠሩት። ሰዓቱን፣ የጠጡትን ዓይነትና መጠን፣ የሽንቱን መጠን፣ ጥድፊያውን ከ0 እስከ 3፣ ያመለጠ ካለ ምን ሲያደርጉ እንዳመለጠ ይጻፉ። ለምሳሌ፦

ምሽት 1፡00፣ ቢራ 330
ምሽት 1፡50፣ ሽንት 280፣ ጥድፊያ 1
ምሽት 2፡00፣ ቢራ 330
ምሽት 2፡40፣ ሽንት 390፣ ጥድፊያ 3፣ በር ስከፍት ትንሽ አመለጠ
ሌሊት 7፡30፣ አልጋ ረጥቦ ነቃሁ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይታያሉ። በር ሲከፈት ያመለጠው ከፊኛው ጥድፊያ ነው፤ ሌሊት የሆነው ደግሞ ከእንቅልፍ ክብደት ነው። «መጠጥ አይስማማኝም» ብሎ ከማለፍ ይልቅ እንዲህ ለይቶ ማወቅ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያሳያል።

ቁጥሮቹን ሲያነቡ በአንድ ጊዜ የሚወጣው 300 እስከ 400 ከሆነና የሚበዛው በጠጡበት ቀን ብቻ ከሆነ ፊኛው ደህና ነው፤ ችግሩ ብዛት ነው። ሳይጠጡም በየጊዜው የሚወጣው 80 ወይም 150 ከሆነና የሚያጣድፍዎ ከሆነ ፊኛው ተቆጥቷል ወይም ኢንፌክሽን አለ፤ መጠጡ ያባባሰው እንጂ የጀመረው አይደለም። ሳይጠጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ሊትር በላይ የሚሸኑ ከሆነ የደም ስኳር ይለኩ። በማሳል፣ በመሳቅ ወይም ዕቃ በማንሣት ብቻ የሚያመልጥ ከሆነ የላላው የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛንና የሽንት መውጫን ከሥር ደግፎ የሚይዘው) ነው፤ በተለይ በወለዱ ሴቶችና ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) በኦፕሬሽን በወጣላቸው ወንዶች ላይ ይታያል። ሸንተው ሲጨርሱ ያልጨረሱ የሚመስልዎ፣ ሽንቱ የሚቀጥን ወይም ሳይታወቅ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ፊኛው በደንብ አይጸዳም። ይህ የሐኪም ጉዳይ ስለሆነ በቤት ውስጥ ሙከራ ጊዜ አይፍጁበት።

ደረጃ 2፦ የሚጠጡበት ምሽት

በባዶ ሆድ አይጠጡ። ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ሽንቱም በአንድ ጊዜ አይወርድም። ከመቀመጥዎ በፊት ሽንት ቤት ይግቡ።

በሰዓት ከአንድ ቢራ ወይም ከዚያ ጋር ከሚመጣጠን መጠጥ አይለፉ፤ አብዛኛው ሰው በሰዓት ሊያስወግድ የሚችለው 7 እስከ 10 ግራም አልኮል ነው። አንድ ቢራ ራሱ ከዚህ ይበልጣል። በመሀል ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፤ አልጋ ላይ የሚያመልጠው ሰው ግን ውሃውን በምሽቱ መጀመሪያ ይጠጣ። ከመተኛቱ በፊት ባለው ሰዓት ጉሮሮ ለማርጠብ ያህል ይበቃል። አምቦ ውሃ ለጨጓራ ይስማማል ብለው የሚጠጡ አሉ፤ ፊኛዎ በጋዝ የሚቆጣ ከሆነ ተራ ውሃ ይምረጡ።

ሽንት ወጥሮዎት እስኪያጣድፍዎ አይጠብቁ፤ በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ይነሡ። «አንዴ ከተነሣህ ማቆሚያ የለህም፤ ቋጥረህ ቆይ» የሚል ምክር በየመጠጥ ቤቱ ይሰማል። ስሕተት ነው። መጀመሪያ የተነሡበት ሰዓትና ኩላሊቱ ሽንት ማብዛት የሚጀምርበት ሰዓት ስለሚገጥሙ ነው እንዲያ የሚመስለው። መቋጠር የሚመረተውን ሽንት አይቀንስም፤ ፊኛውን ከልክ በላይ ይለጥጠዋል። ሞልቶ የተወጠረ ፊኛ ያለው ሰካራም ሰው ቢወድቅ ወይም ሆዱን ቢመታ ፊኛው ሊቀደድ እንደሚችልም ይወቁ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም ሲያጋጥም ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል።

የመጨረሻውን መጠጥ ከመተኛትዎ ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብለው ይጨርሱ። ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ ይመረጣል። በዓልና ሰርግ ላይ ይህ እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓቱን መጠበቅ ካልቻሉ የመጠጡን ብዛት ይቀንሱ።

ከመተኛት በፊት ሁለት ጊዜ ይሽኑ። ተቀምጠው ይጨርሱ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እንደገና ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ ሌላ 50 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ወንዶች ከሸኑ በኋላ ሱሪ ላይ ጠብ የሚልባቸው ከሆነ ከቆለጥ ኋላ ያለውን ቦታ በጣት ጫን ብለው ወደ ፊት ይግፉ፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ይወጣል።

በተኙ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚጮህ ማንቂያ ይሙሉ፤ ስልኩን እጅ የማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወይም የጋራ ከሆነ ፖፖ አልጋው አጠገብ ያድርጉ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪም አይለይ። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፤ ወንድ ቢሆኑም ተቀምጠው ይሽኑ። አልኮል የደም ሥር ያሰፋል፤ ድንገት መነሣትና የፊኛ መጉደል ሲጨመሩበት የደም ግፊት ይወርዳል፤ ቆሞ እየሸና ራሱን ስቶ የሚወድቅና ጭንቅላቱን የሚመታ ሰው አለ።

ፍራሹን በፕላስቲክ ይሸፍኑ። ከረጠበ በጨርቅ ጫን እያሉ ይምጠጡ፤ አንድ እጅ ኮምጣጤ በአንድ እጅ ውሃ ቀላቅለው ይርጩበት፤ ደርቆ ፀሐይ ይምታው። ሽንት ላይ በረኪና አያፍስሱ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። በረኪናና ኮምጣጤም እንዲሁ አይቀላቀሉም።

አንድ ነገር ለቤተሰብ። ጠጥቶ የተኛ ሰው ልብሱን ካራሰና ሲነቀነቅ ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ በደቂቃ ከስምንት በታች ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ «ይተኛ፣ ሲበርድለት ይነሣል» አይባልም። የአልኮል መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ በጎኑ አስተኝተው ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት። ምላሱን ነክሶ ከተገኘም የሚጥል ሕመም ተነሥቶበት ሊሆን ይችላል።

ጫትና ጨብሲ

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሽንት ሲቀጥንባቸው ወይም ሲዘገይባቸው ያስተውላሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ ሽንቱም ቀጥኖ ይወርዳል። ከምርቃና በኋላ በጨብሲ ቢራ ወይም አረቄ ሲጨመርበት ኩላሊቱ ፊኛውን በፍጥነት ይሞላል፤ መውጫው ግን ገና አልላላም። ዕድሜው ከ50 ያለፈና ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው በእንዲህ ያለ ምሽት ሽንቱ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አለማድረግ ነው የሚሻለው። የሚያደርጉ ከሆነ ግን ከጫቱ ከተነሡ በኋላ ፊኛዎን በደንብ ሳያጸዱ መጠጥ አይጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ጡንቻውንና ፊኛውን ማሠልጠን

ይህ ሳይጠጡ በሚውሉበት ሰዓት የሚሠራ ነው፤ አልኮል በደም ውስጥ እያለ ጡንቻው በደንብ አይታዘዝም።

የዳሌ ወለል ጡንቻውን ለማግኘት ሽንትን መሀል ላይ ለማቆምና ፈስን ለመያዝ የሚያደርጉትን መጨመቅ በአንድ ላይ ያድርጉ። ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሲሳብ ይሰማዎታል። ሆድዎ፣ ቂጥዎ ወይም ጭንዎ ከጠነከረ ሌላ ጡንቻ እየሠሩ ነው። ትንፋሽዎን ከያዙም እንዲሁ፤ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ ያኔ ትንፋሽ አይያዝም። ከ6 እስከ 10 ሰከንድ ይዘው ያን ያህል ሰከንድ ያላሉ። 8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋግሙ፤ በቀን ሦስት ዙር። መጀመሪያ ላይ 3 ሰከንድ ብቻ መያዝ ከቻሉ ከዚያ ይጀምሩ። ለውጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። እየሸኑ ማቆምን ግን ልምምድ አያድርጉት፤ ፊኛው ሳይጸዳ ይቀራል።

ለሚያጣድፍ ፊኛ በመዝገብዎ ላይ በሁለት ሽንት መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ ያግኙ። አንድ ሰዓት ከሆነ በየሰዓቱ ይሂዱ፤ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ያድርሱት። በመሀል ጥድፊያው ሲመጣ አይሩጡ። መሮጥ ፊኛውን ያናውጣል፤ ትኩረትዎንም ሁሉ ወደዚያ ይወስዳል። ባሉበት ይቁሙ ወይም ይቀመጡ፤ ጡንቻውን አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጨምቀው ይልቀቁ፤ ጥድፊያው በረድ ሲል በእርጋታ ይራመዱ። በሚጠጡበት ምሽት ይህ የማራዘም ሥልጠና አይሠራም፤ የዚያን ቀን በሰዓት ይነሡ።

የሚወስዱት መድኃኒት

ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛሉ፤ ከመጠጥ ጋር ይደራረባሉ። ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን የፊኛውን አንገት ያላላሉ፤ ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ያዞራሉ፤ ሴቶች ላይ ዶክሳዞሲን ሽንት ሊያስመልጥ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት በተቃራኒው ሽንት ይይዛሉ። ዲያዜፓምን ከመጠጥ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በራስዎ መድኃኒት አያቋርጡ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው

ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው ነርቮቹ ይጎዳሉ፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም ይጨመርበታል። እግር ላይ መደንዘዝና ማቃጠል ከሽንት ችግር ጋር አብሮ ከመጣ ይህን ይጠርጥሩ። ፊኛው መሙላቱ ስለማይሰማ ሞልቶ ይፈሳል። እዚህ ላይ ምሽቱን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ መጠጡን መተው ያስፈልጋል።

በአንድ ቀን ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካቆመ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት፣ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሊቃዥና ሊያተኩሰው ይችላል። ይህ ሊገድል የሚችል ስለሆነ በሐኪም ክትትል ይቁም። አዲስ አበባ ላለ ሰው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንዱ መሄጃ ነው።

ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚኬድባቸው

ሽንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና እታች ሆድዎ ከተነፋ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፤ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይወጣል። ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ እታች ሆድዎን አሞዎት መሽናት ካቃተዎት ወይም ደም ካዩ ያው ነው። ሳያምም የሚታይ የደም ሽንት ለአንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቢጠፋም ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳትና የጎን ሕመም ከኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በጀርባ ሕመም ላይ የሁለት እግር መዛልና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ የአከርካሪ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት።

ከከባድ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ከመጠጥ ጋር አይያያዝም፤ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ማዕከሎቹ በነፃ ያክማሉ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የአራቱን ቀን መዝገብ፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የሚጠጡትን ትክክለኛ መጠን ይዘው ይሂዱ። መጠኑን ቀንሰው አይናገሩ፤ ሐኪሙ የሚያዘው በነገሩት ላይ ተመሥርቶ ነው። የሽንት ምርመራ፣ የደም ስኳር፣ ከሸኑ በኋላ የሚቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ይለካ እንደሆነ ይጠይቁ። አደገኛ ምልክት ከሌለብዎትና በቤትዎ ከጀመሩ ደግሞ ሦስት ወር ቆይተው ልኬቱን በዚያው ዕቃ ይድገሙት፤ በማይጠጡበት ቀን በአንድ ጊዜ የሚወጣው መጠን ካልጨመረና ማምለጡ ካልቀነሰ ሁለቱንም መዝገብ ይዘው የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ዘንድ ይቅረቡ።